ባቡሩ አይዞርም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

እንዴት ሰነበታችሁ። ባለፈው ወር አንድ ወጣት ጋዜጠኛ ልካችሁ ቤቴ መጥቶ ፎቶ አንስቶ ቡናም ጠጥቶ ሄዶ ነበር፣ ልጁ ጨዋ ነው በሱ ምንም ቅሬታ የለኝም፣ ግን የወጣው ነገር «ሳሎኑ ውስጥ የአሻንጉሊት ባቡር እያዞረ ልጅነቱን የሚያስታውስ አባወራ» ይላል፣ እና ከዛ ቀን ጀምሮ እዚህ ጎንደር ፒያሳ በወጣሁ ቁጥር የሚያውቀኝም የማያውቀኝም ጣቱን አየር ላይ ያዞርብኛል። መጀመሪያ አብደሃል የሚሉኝ መስሎኝ ነበር፣ ለካ ባቡሩን ነው። ሱቄ ድረስ ሬዲዮ ሊያሠራ የመጣ ሰውዬ ራሱ ሂሳቡን ከፍሎ ሲወጣ «ዛሬስ ስንት ዙር?» ብሎኝ ሄደ።

እንዲታረምልኝ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ባቡሩ አይዞርም። ክብ ሀዲድ ቤቴ ውስጥ የለም። መስመሩ ከሳሎኑ በር ጀርባ ወረታ ላይ ይነሳና ግድግዳውን ተከትሎ በአዲስ ዘመን በማክሰኝት በአዘዞ በአይከል በገንዳ ውሃ አልፎ ፍሪጁ አጠገብ መተማ ላይ ያልቃል፣ በቃ። መተማ የደረሰ ባቡር ጭነቱን አራግፎ፣ ሌላ ጭኖ፣ ጎታቹ ሎኮሞቲቭ ተፈትቶ በጎን ሀዲድ አልፎ በሌላኛው ጫፍ ተቀጥሎ ነው የሚመለሰው። ይሄን ሁሉ የሚሠሩት ደግሞ ሰባት ሰዎች ናቸው፣ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት ይመጣሉ። እኔ እንደውም ሪሞት አልይዝም፣ ለምን እንደማልይዝ እመጣበታለሁ።

ለምን መተማ ላላችሁኝ፣ ጎንደር ባቡር አይታ አታውቅማ። የድሮው ባቡር ከጅቡቲ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ሲገባ እኛ በቅሎ ላይ ነበርን፣ አዲሱም በ2009 ዓ.ም. መስከረም ላይ ሲመረቅ ያው አዲስ አበባ ጅቡቲ ነው። ለኛ የደረሰን እቅድ ወረቀት ላይ የተሰመረ ወረታ አዘዞ መተማ የሚል መስመር ብቻ ነው። እሱን እኔ ሠራሁት፣ 87 ጊዜ አሳንሼ።

እውነቱን ልናገርና ልቤ የነበረው ድሬዳዋ ላይ ነው። በወጣትነቴ እዛ ሙያ ስማር የባቡሩን ጩኸት እየሰማሁ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ። ግን የድሮው ሀዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነው፣ ለ87 ሲካፈል 11 ሚሊሜትር ተኩል ይመጣል፣ ዘመዴ ከጀርመን በሻንጣ ያመጣልኝ ሀዲድ ደግሞ 16.5 ሚሊሜትር ነው፣ አይገናኙም። አዲሱ ባቡር የሚሄድበት 1,435 ሚሊሜትር ነው፣ ለ87 አካፍሉት፣ 16.5 ላይ ቁጭ! ካልኩሌተሩን ሦስቴ ነው የደገምኩት። መተማን የመረጥኩት ያኔ ነው፣ የሚሠራ ቢሆን በዚህ ስፋት ነዋ የሚሠራው። ርዝመቱን ግን አትጠይቁኝ፣ ሳሎኔ 4 በ5 ሜትር ተኩል ነው፣ ሀዲዱ ወደ 14 ሜትር ይሆናል፣ በእውነተኛው ሲታሰብ 1 ኪሎ ሜትር ከምናምን፣ ማለት ከቤቴ እስከ ሱቄ እንኳ አይደርስም። አቀበቱንም አታልያለሁ። ጎንደር ከመተማ የምትበልጥበትን ከፍታ በልኩ ልሥራ ብል ጠረጴዛው ከአሥር ሜትር በላይ ሽቅብ መውጣት አለበት፣ ጣራ በስቼ ነው እንግዲህ። ከገንዳ ውሃ አይከል በየሜትሩ 2 ሴንቲሜትር ብቻ ነው ያስወጣሁት፣ እሱም በዝቶበት ሜዳ ላይ 9 ፉርጎ የሚጎትተው ሎኮሞቲቭ እዛ ጋ 5 ሲሆን ጎማው ባዶውን ይሽከረከራል።

ፈረንጆቹ ሰው ጠርተው በጋራ እንዲህ ሲሠሩ ስም አላቸው፣ እኛ ፈረቃ ነው የምንለው። መብራቱም በፈረቃ ነው እኛም በፈረቃ ነን ብሎ አንዱ ቀልዶ ስሙ በዛው ቀረ።

የመጀመሪያው ፈረቃ አምና ግንቦት ላይ ነበር፣ እና ውርደት ነበር። ያለኝ ሪሞት ሁለት፣ የጠራሁት ሰው አሥራ አንድ። ሀዲዱን አልወለወልኩ፣ ለማንም ምን እንደሚሠራ አልነገርኩ፣ ዝም ብዬ ኑ አልኳቸው። የጎረቤቴ ልጅ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው ሪሞቱን ይዞ ማክሰኝት ላይ ትንሽ ፈጠን ብሎ ሲገባ «ቆይ ላሳይህ» ብዬ ከእጁ ወሰድኩ፣ ከወሰድኩ በኋላ መለስኩለት እንዴ? ሃያ ደቂቃ እኔው ነዳሁ፣ ፉርጎ ወደቀ እኔው አነሳሁ፣ ለሁሉም ደግሞ እየዞርኩ እንደዚህ አይደለም እንደዛ ነው እላለሁ። ቀና ስል ግማሹ ሶፋ ላይ ተቀምጦ በስልክ ኳስ እያየ ነው። ማታ ባለቤቴ ስኒ እያጠበች «አንተ ሰውዬ፣ ድግስ ጠርተህ ወጡን ራስህ ጨርሰህ ሰዎቹን ባዶ እንጀራ አስታቅፈህ ነው የላክሃቸው» አለችኝ። ምን እላለሁ። ዝም ነው ያልኩት።

ከዛ በኋላ ሪሞት መንካት ለራሴ ከለከልኩ። በር አጠገብ ዱካ ላይ እቀመጣለሁ፣ ኪሴ ውስጥ ስቴኪኒና ትንሽ ቁራጭ ጨርቅ አለ፣ ሰው ከጠራኝ እነሳለሁ ካልጠራኝ አልነሳም፣ ፉርጎ ሲወድቅ እያየሁ ራሱ አልነሳም። ከባድ ነው እኮ ቀላል እንዳይመስላችሁ! የምጠራው ሰውም ሥራ ባለው ልክ ነው፣ ሰባት ቦታ አለ ሰባት ሰው። አንዷ መስመር አዛዥ፣ አንዱ አዘዞ ላይ ፉርጎ የሚያሰልፍ፣ አንዱ የመተማ ጣቢያ፣ የቀሩት አራቱ ሁለት ባቡር ላይ ሁለት ሁለት ሆነው። ሁለቱን ሹፌርና ረዳት ነው የምንላቸው፣ እንደ ጭነት መኪና። ሹፌሩ ሪሞቱን ይይዛል፣ ረዳቱ የጭነት ወረቀቱን ይዞ የቱ ፉርጎ የት እንደሚቀር ይናገራል በስቴኪኒም ያላቅቃል፣ ማያያዣው መሃል አስገብቶ ጠምዘዝ ማድረግ ነው ለቀቅ ይላል። አዲስ ሰው ሁሌም መጀመሪያ ረዳት ነው የሚሆነው፣ ስህተቱ ብቻውን አይሆንበትም፣ የሚጠይቀውም ሰው አጠገቡ አለ፣ ከሻይ በኋላ ይቀያየራሉ። ለጀማሪ የሚሰጠውም ባቡር ከወረታ መተማ የትም ሳይቆም የሚሄደው የሲሚንቶው ነው። አዘዞን ለጀማሪ መስጠት ግፍ ነው፣ ሰባት ሀዲድ አለ እዛ፣ አንድ ሰውዬ አንዴ ላብ በላብ ሆኖ ሁለተኛ አልመጣም ጥፋቱ የኔ ነው።

ጋዜጠኛችሁ ግድግዳው ላይ ያየው የካርድ ኪስ ምንድን ነው ብሎ አልጠየቀም፣ ነገሩ ሁሉ ግን እሱ ውስጥ ነው። 32 ፉርጎ አለኝ፣ እያንዳንዱ ቁጥርና ካርድ አለው፣ ካርዱ ላይ የምትሰካ ትንሽ የጭነት ወረቀት አለች፣ ወረቀቷ አራት ጉዞ ትይዛለች ሁለት በፊቷ ሁለት በጀርባዋ። ለምሳሌ የፉርጎ 14 ዛሬ ማዳበሪያ ከወረታ ወደ አይከል ይላል፣ ፈረቃው አልቆ ሰው ሲሄድ እኔ አገላብጣታለሁ፣ በሚቀጥለው ባዶውን ወደ ገንዳ ውሃ፣ ከዛ ጥጥ ጭኖ ወደ ወረታ። በዚህ ምክንያት ፉርጎ ዝም ብሎ አይሄድም፣ የሚሄድበት ጉዳይ አለው። ሰው ደግሞ ጉዳይ ያለው ነገር ሲሰጡት ሌላ ሰው ነው የሚሆነው።

እዚህ ጋ ጋሼን ላንሳ። ስማቸውን አልጠራም አይወዱም። የጎንደር መተማን መንገድ በጭነት መኪና ዕድሜያቸውን ሙሉ የነዱ ሰው ናቸው አሁን ጡረታ ላይ ናቸው፣ ወደ 200 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን መንገድ ኩርባ በኩርባ ያውቁታል። ሦስተኛው ፈረቃ ላይ ወረቀቷን መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አነበቡና «ይሄ ሰሊጥ የማን ነው?» አሉ። የመተማ ነው ጋሼ አልኳቸው። «በሐምሌ?» አሉ። ዝም አልኩ። «ልጄ በሐምሌ እኮ ሰሊጥ ገና መሬት ላይ ነው፣ የሚታጨደው ከመስከረም ወዲህ ነው፣ በሐምሌ ከመተማ የሚወጣ ሰሊጥ ካለ የተደበቀ ነው» ብለው ወረቀቷን ኪሳቸው ከተቷት። ባቡሩ ባዶ ሄደ። ከዛ ቁጭ ብለን ወረቀቶቹን በሙሉ በወቅት ከፋፈልናቸው፣ የክረምቱ ማዳበሪያና የእርዳታ እህል፣ የበጋው ሰሊጥና ጥጥና ማሽላ፣ ከብቱ ደግሞ ለበዓል ሰሞን ይበዛል፣ የፋሲካ ሰሞን ፈረቃ ስድስት የከብት ፉርጎ አለው በሁዳዴ ግን የለም። ሐምሌ ውስጥ መተማ የሚጭነው አጥቶ ሲያዛጋ የምታዩት ለዚህ ነው።

መስመር አዛዣችን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፣ የሁሉንም ባቡር ቦታ ወረቀት ላይ እየሳለች ማን ይለፍ ማን ይቁም የምትለው እሷ ናት፣ ጠረጴዛውን ማየት ስለሌለባት የልጆቹ መኝታ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ በመነጋገሪያ ሬዲዮ ነው የምታዝዘው። ሰላሳ ሰው ብናስተምር እንኳ እንደሷ ያለች አናገኝም፣ ነገር ግን መጀመሪያ ላይ አንድ ነገር አልቻለችም። በሬዲዮ አጭር ነው የሚወራው፣ «ቁጥር 12 አይከል ላይ ቁም» ነው የሚባለው፣ ቁጥር 12ን የሚነዱት ደግሞ ጋሼ ናቸው። እሷ ጋሼን ቁም? አባቷ ቢሰማ! ስለዚህ «ጋሼ እንደምን ዋሉ፣ ይቅርታ ባይከፋዎት አይከል ላይ ትንሽ ቢቆዩልኝ» ብላ እስክትጨርስ ባቡሩ አይከልን አልፎታል፣ ከወዲያ የጥጡ ባቡር እየመጣ ነው፣ መስመሩ ነጠላ ነው። መሃል አቀበቱ ላይ አፍ ለአፍ ገጠሙ። ጋሼ ሪሞቱን አስቀምጠው «መኪና ቢሆን አንዱ ወደ ኋላ ይል ነበር» ብለው የኔን ፊት አዩ፣ እኔ ዱካዬ ላይ ነኝ፣ አልነሳም። ሁለቱ ረዳቶች ተነጋግረው አንዱ ባቡር ወደ ገንዳ ውሃ ተመለሰ፣ 25 ደቂቃ ፈጀ፣ በሳቅ ነው ያለቀው።

መፍትሔው ሁለት ነው የሆነው። አንደኛ አሁን «ቁጥር 12 አይከል ይቁሙልኝ» ትላለች፣ አጭርም ነው አንቱታውም አልተነካም፣ ጋሼም «እሺ ልጄ» ሳይሆን «12 አይከል ቆሟል» ብለው ይመልሳሉ፣ ደስ ሲል። ሁለተኛው ዱላ ነው። እንግሊዞች በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነጠላ ሀዲድ ላይ ይሠሩበት የነበረ ዘዴ ነው፣ ለአንድ መንገድ አንድ ዱላ ብቻ አለ፣ ዱላውን በእጁ ያልያዘ ሹፌር አይገባም፣ ያለቀለት ነገር። የኛ ዱላ የመጥረጊያ እንጨት ቁራጭ ነው ጫፉ ቀይ የተቀባ፣ አይከል ገንዳ ውሃ ብዬ ጽፌበታለሁ። የጎረቤቴ ልጅ ዱላ ቅብብል ብሎ ሲሮጥበት መከራችንን ያበላናል፣ ክፍሏ ጠባብ ናት።

ሰዓቱም የራሱ ነገር አለው። ግድግዳው ላይ የሰቀልኩት ታብሌት በ4 እጥፍ የሚሮጥ ሰዓት አለው፣ 15 ደቂቃ አንድ ሰዓት ነው። ቅዳሜ 8 ሰዓት እንጀምራለን 11 ሰዓት እናበቃለን፣ ሦስት ሰዓት በአራት ሲባዛ አሥራ ሁለት፣ ስለዚህ የባቡሩ ሰዓት ልክ ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ይሄዳል። በሐበሻ ሰዓት ይሄ እንዴት እንደሚያምር ፈረንጅ አይገባውም።

ወደ ቤት ጣጣው ልምጣ፣ ሰው ማስተናገድ የፈለገ ካለ ይጠቅመዋል። ፈረቃው ቅዳሜ ከሆነ የኔ ሥራ ረቡዕ ነው የሚጀምረው። ሀዲዱ በአልኮል ይወለወላል፣ የፋርማሲው አልኮል ይሆናል፣ የፉርጎዎቹም ጎማ እንዲሁ፣ የጎንደር አቧራ በተለይ ከጥር ወዲህ አይጣል ነው፣ ሎኮሞቲቭ መብራት የሚያገኘው ከሀዲዱ በጎማው ነው፣ ጎማ ከቆሸሸ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ይሄዳል። ሐሙስ ባቡሩን ከአንዱ ሀዲድ ወደ ሌላው የሚያሻግረውን መቀያየሪያ ሁሉ በፉርጎ እየፈተንኩ አልፋለሁ፣ ሁለቴ የወደቀ ፉርጎ ካርዱ ላይ ቀይ ክር ይታሰርበትና ጋራዥ ይገባል፣ ለእንግዳ የታመመ ነገር አይሰጥም። ፈረቃ ላይም ማንም ሰው ችግር ያየበትን ፉርጎ ቀዩን ክር ያስርበታል፣ መናገር አይጠበቅበትም፣ ሰው ቤት ሆኖ ዕቃህ ተበላሸ ማለት ይከብዳላ።

ምግብ ከጠረጴዛው ይርቃል። ይሄ በልምድ የተማርኩት ነው። ባለቤቴ እንግዳ ያለ ቡና አይሆንም ብላ ቄጤማ ጎዝጉዛ ዕጣን አጭሳ ፈንዲሻ በተነች፣ አንዷ ፈንዲሻ ሄዳ ማክሰኝት መግቢያ ላይ አረፈች፣ የሲሚንቶው ባቡር መጥቶ ወጣባት፣ አራት ፉርጎ ገደል። «በረዶ ጥሎ ነው» አሉ ጋሼ። አሁን ቡናው ኮሪደሩ ላይ ነው፣ እጅ ታጥቦ ነው የሚገባው፣ ቅቤ የነካው ጣት ሀዲድ ላይ ምን እንደሚያደርግ አይታችሁ ብታውቁ!

መብራቱስ? ሄደ መጣ ነው። ሀዲዱ የሚፈልገው 15 ቮልት ገደማ ስለሆነ በመኪና ባትሪና በኢንቨርተር እንዘልቃለን፣ ሪሞቶቹ ትእዛዛቸውን የሚልኩት በዛው ሀዲድ ነው፣ እያንዳንዱ ሎኮሞቲቭ እንደ ስልክ የራሱ ቁጥር አለው፣ ቁጥሩ ካልተጠራ የሰው ትእዛዝ አይሰማም፣ ሁለት ባቡር አንድ ሀዲድ ላይ ለየብቻ የሚነዳው በዚህ ነው። አንዴ ባትሪውም ሞቶ ጨለማ ውስጥ ስንቀር ግን ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም፣ በስልክ ባትሪ እያበሩ ባቡሩ የቆመበትን ቦታ ወረቀት ላይ መዘገቡ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ከዛው ቀጠሉ። ያኔ ነው ነገሩ የኔ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ።

አሻንጉሊት የምትለዋን ቃል ግን አልለቃትም። አሜሪካኖች የሞዴል ባቡር ማኅበራቸውን ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1935 ነው፣ አዋቂዎች ናቸው። ኤም አይ ቲ የሚባለው ትልቁ ዩኒቨርሲቲያቸው ውስጥ በ1946 የተመሠረተ የተማሪዎች የባቡር ክበብ አለ፣ ከጠረጴዛው ሥር ያለውን ሽቦና ማብሪያ ማጥፊያ ሲጎረጉሩ የኖሩት ልጆች ናቸው ኋላ ኮምፒውተር ላይ ወጥተው ሃከር የሚለውን ቃል ለዓለም ያስለመዱት። የኔ ጎረቤት ልጅም የአዘዞን መቀያየሪያዎች ሽቦ ሙሉ በሙሉ እሱ ነው የሠራው፣ እኔ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆኜ እንደሱ አላሰርኩም። ይሄን ጽፌ ሳበቃ መጥቶ አንብቦ «ጋሽዬ አሻንጉሊት ቢሉትስ ምን ይላል» አለኝ። ለሱ ምን ይላል፣ ጣት የሚዞርበት እኔ ላይ ነው!

እንግዲህ ማረሚያው እንዲህ ይሁን፣ ባቡሩ አይዞርም፣ ከወረታ መተማ ነው፣ የሚሠሩትም ሰባት ሰዎች ናቸው። ለኅዳር የሰሊጥ ፈረቃ ሁለተኛ ሎኮሞቲቭ ለአቀበቱ ልንጨምር ስለሆነ ስምንተኛ ሰው ያስፈልገናል፣ ያን ጨዋ ልጃችሁን ብትልኩት ረዳት እናደርገዋለን፣ ካሜራውን ኮሪደር ላይ ትቶ ይግባ። ፎቶ የግድ ካላችሁም የኔን ሳይሆን የጋሼን አውጡልን፣ ግን ኮፍያቸውን ካላደረጉ አይነሱም፣ እሷን ደግሞ ባለፈው አዘዞ ጣቢያ ጣራ ላይ ረስተዋት ሄደው እስካሁን እዛው ናት፣ ለባቡሩ ሠራተኞች ትልቅ ድንኳን መስላለች።